«ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ፊልም

ፊልም፦ «ሴና» (ዘጋቢ ፊልም)
አዘጋጅ፦ አሲፍ ካፓዲያ
ጸሐፊ፦ ማኒሽ ፓንዴይ
የወጣበት ዘመን፦ 2010 እ.ኤ.አ.

ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ፋሲካ። በዚያ ላይ የጊዮርጊስ ክብረ በዓል፣ በዚያ ላይ ደግሞ የዓለም ሠራተኞች ቀን። ዶሮው ተበልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ቤተ ዘመዱ ጠግቦ በየወንበሩ ጋደም ብሎ ሳለ፣ ማታ ከውጭ አገር ራዲዮ አንድ ዜና ሰማሁ። ብራዚላዊው የመኪና እሽቅድድም ሻምፒዮን አየርተን ሴና፣ ኢጣሊያ ውስጥ ኢሞላ በተባለ ከተማ ሲወዳደር ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ከቤቱ ሰው ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም አክስቴ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው፣ «በፋሲካ ዕለት! ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ» አሉ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ፤ ቡናው ቀጠለ።

ያ ቃል ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ አሲፍ ካፓዲያ ያዘጋጀውን «ሴና» የተሰኘ ፊልም ሳይ ነው። ሰሞኑን ደግሜ አየሁትና ጥርጣሬዬ ጸና። ፊልሙ ከአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በላይ ወስዶ፣ እጅግ ባማረ ምስልና ዜማ የሚነግረን ያንኑ የአክስቴን አረፍተ ነገር ነው። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ አረፍተ ነገሩ ግን ስሕተት ነው። ይህን ለማስረዳት እሞክራለሁ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ካፓዲያ የተለመደውን የዘጋቢ ፊልም አሠራር ትቶታል። በወንበር ተቀምጦ «ያኔ እንዲህ ነበር» የሚል ሽማግሌ በምስል አይታይም። የሚናገሩት ሰዎች ድምፃቸው ብቻ ይሰማል፤ ዓይናችን ግን ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ምስል አይነቀልም። ስለዚህ ትዝታ እየሰማን ሳይሆን ነገሩ አሁን ፊታችን እየሆነ ይመስለናል። ፊልሙ ከብሪታንያ የፊልም አካዳሚ በዘጋቢ ፊልምነቱና በቅንብሩ ሁለት ሽልማት ማግኘቱ አይገርምም። በተለይ ከውድድር በፊት ነጂዎቹ የሚሰበሰቡባቸው ስብሰባዎች ወርቅ ናቸው። የዓለም አቀፉ ማኅበር ሹም ዣን ማሪ ባሌስትር እንደ አገር ገዢ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲቆጣ፣ ነጂዎቹ እንደ ተማሪ ተደርድረው ሲያዳምጡ፣ ሴና ብድግ ብሎ ስለ አደጋ ሲከራከር እናያለን። ነፍሳቸውን የሚያስይዙት ሰዎች ስለ ነፍሳቸው ለመናገር እጃቸውን ማውጣት ነበረባቸው። ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስል በፊልሙ ውስጥ የለም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩ ካፓዲያ ሴናን ሰው ከማድረግ ይልቅ ገድል የተጻፈለት ሰማዕት ማድረጉ ነው። ሴና ሃይማኖተኛ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ሦስት ጊዜ፣ በ1988፣ በ1990 እና በ1991 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ 41 ውድድር አሸነፈ። ፊልሙ ግን ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቀን የሚወስድ መንገድ አድርጎ ይዘረጋዋል። እኅቱ በመጨረሻዋ ዕለት ጧት መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ያነበበውን ስትናገር፣ የውድድሩ ሐኪም ሲድ ዋትኪንስ ሴናን ይህን ሥራ እንዲተውና አብረው ዓሣ እንዲያጠምዱ እንደ መከረው ሲተርክ፣ ሴና ደግሞ መተው አልችልም ብሎ እንደ መለሰለት ስንሰማ፣ ነገሩ ከሰው እጅ የወጣ ይመስላል። ተመልካች ያለቅሳል። የሚያለቅስ ተመልካች ደግሞ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

ጀግናን መውደድ ሌላ ዋጋም ያስከፍላል። በ1990 ሱዙካ ላይ ሴና ውድድሩ እንደ ተጀመረ፣ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ የአሌን ፕሮስትን መኪና በከፍተኛ ፍጥነት ገጨ። ሆን ብሎ ማድረጉን በ1991 ራሱ አምኗል። ፊልሙ ይህን ባለፈው ዓመት ለተፈጸመበት በደል እንደ ተከፈለ ካሳ አድርጎ ያቀርበዋል። በደሉን አልክድም። ነገር ግን ከኋላ ሃያ ምናምን መኪና እየተከተለ፣ ሁለት ሰው በነዳጅ የተሞላ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የተወሰደ ካሳ ነው። በኢሞላ በግንቡ ላይ የምናዝን ከሆነ፣ በሱዙካ ማጨብጨባችን ምን ይባላል?

አሁን ወደ ኢሞላ እንምጣ።

ዓርብ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሩበንስ ባሪኬሎ ተገልብጦ ተረፈ። ቅዳሜ፣ አፕሪል 30 ቀን 1994፣ ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ሞተ። ዕድሜው 33 ነበር። ወደዚህ ውድድር ደረጃ ገና መድረሱ ነበር፤ ከዚያ በፊት በአንድ ግራን ፕሪ ብቻ ነው የተሰለፈው። በመለማመጃው ዙር ከመንገዱ ወጣ ብሎ የመኪናው የፊት ክንፍ ተጎድቶ ነበር። እርሱ ግን ቆሞ ከማስመርመር ይልቅ ሌላ ዙር ቀጠለ፤ ለመሰለፍ የሚያበቃውን ሰዓት ማግኘት ነበረበት። ክንፉ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ፍጥነት ተገነጠለ፤ መሪው ከዚያ በኋላ ምንም አላዘዘም።

በፊልሙ ውስጥ ራትዘንበርገር ለምን ይገባል? ሴና በጋራዡ ቴሌቪዥን ሲያየው ፊቱ እንዲለዋወጥ ነው። የሰውየው ሞት ለሌላው ሰው ሞት መግቢያ ሆኖ ያገለግላል። የት እንደ ተወለደ፣ እዚያ ለመድረስ ምን ያህል እንደ ታገለ አንሰማም። ሳኦ ፓውሎ ላይ ለሴና እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ፤ ብራዚል የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ዐወጀች። ሳልዝበርግ ላይ ራትዘንበርገርን የቀበሩት ጥቂቶች ነበሩ። ባሌስትርን የተካው የማኅበሩ ሹም ማክስ ሞዝሊ ወደ ሳልዝበርጉ ቀብር ሄደ። ሁሉም ወደ ሴና ስለ ሄዱ እዚህም ሰው መገኘት አለበት በማለት እንደ ሄደ በኋላ ተናግሯል። ሴና ራሱም አልረሳውም ነበር፤ ከተሰባበረው መኪናው ውስጥ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኝቷል። ሴና ያልረሳውን ፊልሙ ምነው ቸኩሎ አለፈው?

እሑድ ደግሞ ገና ሲጀመር ሁለት መኪናዎች ተጋጭተው ስብርባሪው ተመልካች አቆሰለ። ውድድሩ አልቆመም፤ መሪ መኪና ወጥታ ሁሉም በቀስታ እንዲከተሏት ተደረገ። እርሷ ከገባች በኋላ፣ በሰባተኛው ዙር፣ ታምቡሬሎ በተባለው ኩርባ ሴና በቀጥታ ወጥቶ ግንቡን መታ። የፊት ጎማውን የሚይዘው ብረት ተሰብሮ የራስ ቁሩን በሳው።

እዚህ ላይ ነው ከፊልሙ ጋር የምጣላው። ታምቡሬሎ ምሥጢር አልነበረም። በ1987 ኔልሰን ፒኬ በልምምድ ላይ እዚያው ግንብ ላይ ወድቋል። በ1989 ጌርሃርድ በርገር እዚያው ተጋጭቶ መኪናው ነዷል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፈጥነው ደርሰው አተረፉት። በርገር በኋላ እንደ ተረከው፣ እርሱና ሴና በእግራቸው ሄደው ግንቡ ለምን ወደ ኋላ እንደማይርቅ አይተዋል፤ ከግንቡ ጀርባ የሳንቴርኖ ወንዝ ነው። ወንዙን ማንቀሳቀስ አይቻልም ብለው ተመለሱ። ሴና ከሞተ በኋላ ወንዙን ማንቀሳቀስ አላስፈለገም። በ1995 ኩርባውን ሰብረው መኪና ፍጥነት ቀንሶ እንዲያልፍ አደረጉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መኪናውም ምክንያት አለው። የሴና እጅ በመሪው ዙሪያ ቦታ ስለ ጠበበው የመሪው ዘንግ ተቆርጦ በቀጠነ ብረት ተበይዶ ነበር። ከአደጋው በኋላ ተሰብሮ ተገኘ። መጀመሪያ ተሰብሮ ነው የተጋጨው ወይስ ተጋጭቶ ነው የተሰበረው በሚለው ላይ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። የኢጣሊያ ፍርድ ቤት በ1997 ተከሳሾቹን በነጻ ለቀቀ። በ2007 ደግሞ የመጨረሻው ሰበር ሰሚ ችሎት የቡድኑ ዋና መሐንዲስ ፓትሪክ ሄድ ኃላፊነት አለበት፤ ሆኖም በይርጋ ታግዷል አለ። ይህን ሁሉ ፊልሙ በጥቂት ቃላት ያልፈዋል። አሳዛኝ ታሪክ ለመሥራት የብየዳ ነገር አይመችም።

መጨረሻ ላይ በጽሑፍ የሚቀርብ ማስታወሻ አለ። ዋትኪንስ የደኅንነቱን ሥራ እንዲመራ እንደ ተሾመና ከዚያ ወዲህ በፎርሙላ ዋን የሞተ ነጂ እንደሌለ ይገልጻል። በ2010 ሲጻፍ ቃሉ ልክ ነበር፤ «ነጂ» የሚለውን አስምሩበት። በ2000 ሞንዛ ላይ ፓኦሎ ጊስሊምቤርቲ፣ በ2001 ሜልበርን ላይ ግራሃም ቤቨሪጅ፣ ሁለቱም በመሮጫው ዳር ቆመው ሲያገለግሉ በተነቀለ ጎማ ተመተው ሞተዋል። ነጂ ስላልነበሩ ከቁጥሩ ወጡ። ኋላም ማስታወሻው ራሱ አረጀ፤ በ2014 ሱዙካ ላይ በዝናብ ዡል ቢያንኪ ሌላ መኪና ሊያነሣ ከገባ ትራክተር ጋር ተጋጭቶ በ2015 ዐረፈ።

«እሽቅድድም አደጋ ከሌለው ምን ጣዕም አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ክርክር አቃልዬ አላልፈውም፤ ፊልሙን የሚያጣፍጠውም እርሱ ነው። ነገር ግን መልሱን የሰጠው ፈሪ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ጃኪ ስቱዋርት ነው። በ1966 ቤልጅግ ውስጥ ስፓ ላይ በዝናብ ወድቆ፣ ነዳጅ እየፈሰሰበት፣ በመሪው ተቆልፎ ቀረ። ያወጡት ሠራተኞች አይደሉም፤ እዚያው የወጡ ሁለት ተወዳዳሪዎች ከአንድ ተመልካች መፍቻ ተውሰው ፈቱት። ከዚያ በኋላ ስቱዋርት መፍቻ በመኪናው ውስጥ ይዞ ይነዳ ነበር፤ ስለ ሐኪም፣ ስለ ቀበቶ፣ ስለ መከላከያ አጥር ሲጮኽ ደግሞ ጨዋታውን ለዛ አሳጣኸው ተባለ። በሰው ሞት የሚጣፍጥ ለዛ ምን ዓይነት ለዛ ነው?

ከ1994 በኋላ የተሠራው ሥራ ተአምር የለበትም። የሞተሩ ይዘት ከ3.5 ወደ 3 ሊትር ወረደ፤ የነጂው መቀመጫ ዳርና ዳር ከፍ አለ፤ ጎማ እንዳይበር በገመድ ታሰረ፤ በ2003 አንገትን የሚጠብቅ መሣሪያ ግዴታ ሆነ፤ በ2018 ከነጂው ራስ በላይ የታይታኒየም ቀስት ተተከለ። ቀስቱን ብዙዎች አስቀያሚ ነው ብለው ተቃወሙት፤ ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ሮማን ግሮዣን ነበር። በኖቬምበር 29 ቀን 2020 ባሕሬን ላይ የግሮዣን መኪና የብረት አጥር ሰንጥቃ ገብታ ለሁለት ተከፈለች፤ ነደደች። ከ28 ሰከንድ በኋላ ከእሳቱ ውስጥ በእግሩ ወጣ። ያ ቀስት ባይኖር ኖሮ በሕይወት አልገኝም ነበር ሲል ራሱ መሰከረ።

ያን ማታ አክስቴ ቢያዩት ኖሮ «ቀኑ አልደረሰም» ይሉ ነበር። እኔ ግን ቀስቱ ይበቃል ወይስ አይበቃም እያሉ ብረት ሲያጎብጡ የከረሙትን፣ አስቀያሚ ሥራ ሠራችሁ የተባሉትን ሰዎች አስባለሁ። ስለ እነርሱ የተሠራ ፊልም አላየሁም።

«ሴና»ን ያላያችሁ እዩት፤ በበኩሌ እንደገና አየዋለሁ። ቅዳሜ ላይ ስትደርሱ ግን ፊልሙ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። በማግሥቱ ውድድሩ ሲጀመር 26ኛው የመነሻ ቦታ ለራትዘንበርገር መታሰቢያ ባዶውን ነበር። መኪናዎቹ ሲነሡ እርሱን ፈልጉ።