ባልና ሚስቱ በነፍሳት መጽሐፍ ውስጥ

ሙያዬ ምሕንድስና ስለሆነ ስለ ሥዕል ልጻፍ ማለቴ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ይሁንና ነገሮችን በየፈርጃቸው መደርደር የዕለት ሥራዬ ነውና ስለ አንድ የተሳሳተ ፍረጃ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሥዕሉ ብዙዎቻችን በምንኖርባት በዋሽንግተን፣ በናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ይገኛል። እኔ ያየሁት በድረ ገጹ ነው። የፍሌሚሹ ሠዓሊ ዮሪስ ሁፍናገል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በብራና ላይ በውሃ ቀለም የሠራው ትንሽ ሥዕል ነው። የባልየው የፔትሩስ ጎንሳልቩስ ፊት እንዳለ በጠጉር ተሸፍኗል፤ ዛሬ ሐኪሞች ሃይፐርትራይኮሲስ ይሉታል። ሚስቱ ካትሪን እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋለች።

ሁፍናገል ፍጥረታትን በአራቱ ባሕርያት፣ በእሳት፣ በመሬት፣ በውሃና በነፋስ ከፍሎ አራት ጥራዝ አዘጋጅቷል። እሳት የደረሰው ለነፍሳት ነው። ባልና ሚስቱም የገቡት እዚያው፣ ከጥንዚዛና ከቢራቢሮ ጋር ነው! እርግጥ የጥራዙ ርዕስ «ባለ አእምሮ እንስሳት» ብሎ ይለያቸዋል። ግን ባለ አእምሮ መሆናቸው ከታመነ እዚያ ምን አገባቸው?

ፔትሩስ በተነሪፍ ደሴት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1547 ገና በልጅነቱ ወደ ፈረንሳዩ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ቤተ መንግሥት ተወሰደ። ላቲን ተማረ፣ ሚስት አገባ። ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍ በእርሱ አንደበት ፈረንሳይን ሁለተኛ እናት ያደርጋታል። በሰው አገር ለኖርን ለእኛ ይህ ምስጋና እንግዳ አይደለም፤ ከልብም ሊሆን ይችላል። ሆኖም እንደ አባታቸው ጠጉራም ሆነው ከተወለዱት ልጆቹ መካከል እንደ ስጦታ ዕቃ ለመኳንንት ቤት የተሰጡ ነበሩ። ምስጋናውን ከዚህ ነጥሎ ማንበብ አይቻልም።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ትዳር «ውቢቷና አውሬው» ከተባለው ተረት ጋር ያያይዙታል። እኔ አልቀበለውም። በተረቱ አውሬው የሚወደደው መልከ መልካም ልዑል ሆኖ ሊለወጥ ነው። በሥዕሉ ግን የሚለወጥ የለም፤ ሰውየው እንዳለ ነው፣ የሚስቱም እጅ ትከሻው ላይ ነው። የሥዕሉ ዋጋ ለእኔ ይኸው ነው።

በአማርኛችን «ነፍሳት» ስንል ጥቃቅን በራሪና ተሳቢ ፍጥረታትን ማለታችን ነው፤ የሰዎችን ነፍሶችም ማለታችን ነው። ሁፍናገል ጥራዙን ሲያደራጅ የመጀመሪያውን ያዘ፤ ብሩሹን ሲያነሣ ግን ሁለተኛውን ሣለ። እኔ ብሩሹን አምናለሁ።