«ሪስፔክት» እና የባለቤት ጥያቄ፦ ከኦቲስ ሬዲንግ ወደ አሬታ ፍራንክሊን

በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል ሦስት ሥራ ይሠራል። በሰዋስው የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ ያመለክታል፤ በንብረት ነገር ሀብቱ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ በትዳር ደግሞ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን ትጠራበታለች። «ሪስፔክት» በተሰኘው የአሜሪካ የሶል ዘፈን ታሪክ ውስጥ ሦስቱም ጉዳዮች ተጠላልፈው ይገኛሉ፦ የሚናገረው ማን ነው፣ ዘፈኑ የማን ነው፣ በቤት ውስጥስ ክብር የሚገባው ለየትኛው ነው። ብዙውን ጊዜ ታሪኩ አሬታ ፍራንክሊን ዘፈኑን ከኦቲስ ሬዲንግ ወሰደችው ተብሎ ይጠቃለላል። ከሦስቱ ትርጉሞች በአንደኛው ይህ እውነት ነው፤ በሌላው ግን ፈጽሞ አይደለም።

ሬዲንግ ዘፈኑን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 በሜምፊሱ የስታክስ ኩባንያ በኩል አወጣው። ተናጋሪው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነው። ያገኘውን ገንዘብ ለሚስቱ እንደሚያስረክብ ይገልጻል፤ በምላሹ የሚጠይቀው ወደ ቤቱ ሲገባ መከበርን ነው። ይህን የባል ትምክሕት ብቻ አድርጎ መስማት ድምፁን አለመስማት ነው። የአል ጃክሰን ከበሮና የነፋስ መሣሪያዎቹ ከኋላ እየገፉት፣ ሬዲንግ ከማዘዝ ይልቅ ይማጸናል። በዘመኑ የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ያደገ ጥቁር ወንድ ከደጅ የተነፈገውን ክብር ከቤቱ ሲለምን መስማት ይቻላል። ዘፈኑ በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ 4ኛ፣ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ደግሞ 35ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1966 ራሽናልስ የተባሉ የሚሺጋን ወጣቶች ደግመው ቢጫወቱትም ተናጋሪው ያው ወንድ ሆኖ ቀረ።

ለውጡ የመጣው የካቲት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967፣ በኒው ዮርክ የአትላንቲክ ስቱዲዮ ነው። ፍራንክሊን ተናጋሪዋን ሴት አደረገቻት፤ ይህች ሴት የባሏን ገንዘብ የምትጠብቅ አይደለችም። በሬዲንግ ቅጂ ያልነበረ መሸጋገሪያ ተጨመረ፤ ስልቱ ከሳምና ዴቭ ዘፈን የተወሰደ ሲሆን፣ ኪንግ ከርቲስ በሳክስፎን ከዘፈኑ መነሻ ቅኝት ርቆ ይጫወትበታል። እኅቶቿ ካሮሊንና ኤርማ ደግሞ ተቀባዮች ሆኑ። አውጪና ተቀባይ ባለበት ባህል ላደገ ሰሚ የዚህ ትርጉም ሩቅ አይሆንም፤ አቤቱታው የአንዲት ሚስት መሆኑ ይቀርና ምስክሮች የቆሙለት ነገር ይሆናል። በሰባኪው አባቷ ቤተ ክርስቲያን በዲትሮይት ያደገችው ዘፋኝ የተቀባይን ጉልበት ታውቀዋለች።

እዚህ ላይ የቋንቋው ጠባይ ሊታይ ይገባል። የእንግሊዝኛ ትእዛዝ አንቀጽ የተነገረበትን ሰው ጾታ አይለይም። በአማርኛ ቢሆን «አክብሪኝ» የሚለው የባል ልመና በሴት አፍ «አክብረኝ» መሆን ግድ ይለዋል፤ ዘፋኟ ሳትወድ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ውሳኔ ትሰጣለች። ፍራንክሊን ግን ቃላቱን ብዙም ሳትነካ ልትዘፍናቸው ትችል ነበር። ስለዚህ የለወጠችው ሁሉ ሰዋስው ያስገደዳት ሳይሆን የፈለገችው ነው።

ከሁሉም የታወቀው ጭማሪ የርእሱን ቃል በሰባት ፊደላት ነጣጥሎ መጥራቱ ነው። ይህም ወደ አማርኛ አይሻገርም፤ «ክ፣ ብ፣ ር» ቢባል ቃሉ ራሱ ቀስ ብሎ ተነገረ እንጂ አልተበተነም። የእንግሊዝኛ ፊደላት ስም ግን ከድምፃቸው ስለሚለይ ቃሉ ይፈርሳል፤ መልሶ የመገጣጠሙ ሥራ የሰሚው ነው። ባልየው በመምህር ፊት ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ይቀመጣል። በዘፈኑ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ድፍረት የለም።

ቅጂው እ.ኤ.አ. በጁን 1967 በአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ በተከታዩ ወር ዲትሮይት በዓመፅ ነደደች። የጥቁሮች የመብት ትግልና የሴቶች ንቅናቄ ዘፈኑን የራሳቸው አደረጉት። ሬዲንግም በዚያው ጁን በሞንተሬይ መድረክ ላይ አንዲት ልጅ ዘፈኑን እንደወሰደችበት በቀልድ ተናገረ፤ በዲሴምበር 10 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ሕጉ ግን ቀልዱን አያውቅም። በአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ለሚያሰሙት ዘፈን የሚከፍሉት ለደራሲውና ለአሳታሚው እንጂ ለዘፋኙ አይደለም። የደራሲው ስም እስከ ዛሬ ኦቲስ ሬዲንግ ብቻ ነው፤ ሰባቱ ፊደላትም መሸጋገሪያውም ይህን አልቀየሩትም። ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2018 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ፣ ቅጂዋ በአገሯ ሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የጸሐፊነት ክፍያው ለእርሷ አልነበረም። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እርሷ፣ የንብረቱ ባለቤት እርሱ። ክብርን በሚጠይቅ ዘፈን ላይ ይህ መድረሱ ለአሽሙር የቀረበ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቅጂዎች በአብዛኛው የፍራንክሊንን መንገድ ይከተላሉ። አዴቫ እ.ኤ.አ. በ1989 ለጭፈራ ቤት ምት አስማምታ ስትጫወተው እንኳ ተናጋሪዋ ያችው ሴት ነች። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፦ ፍራንክሊን ከሬዲንግ ጋር ተከራክራለች፤ እርሷን የተከተሉት ግን እጅ ይነሣሉ። ዘፈኑን ወደ ወንድ መልሶ በብርቱ የሚከራከራት ቅጂ ቢኖር የሬዲንግ የራሱ ነው። የባልየው ልመና ዛሬ ከእርሷ ቀጥሎ ሲሰማ፣ በሁለት ዓመት የሚቀድማት መሆኑ ተዘንግቶ፣ መልስ ይመስላል።