ፕላስቲክ ማኒፎልድ ለምን ስሙ ጠፋ?

ፈጣን መኪና የሚወዱ ልጆች ሲገናኙ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፦ ኢንቴክ ማኒፎልዱ አሉሚኒየም ይሁን ወይስ ፕላስቲክ? ማኒፎልድ ማለት ከማጣሪያው የመጣውን አየር ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያከፋፍለው ባለ ብዙ ቱቦ ዕቃ ነው። በኢንተርኔት ቪዲዮዎች ላይ ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ፕላስቲኩ ፋብሪካው ወጪ ለመቆጠብ የገጠመው ርካሽ ነገር ነው፣ አሉሚኒየም ሲገባ ጉልበት ይጨምራል ይባላል። ማስረጃም አይጠፋም። መኪናው ጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ ይወጣል፣ ማኒፎልዱ ይቀየራል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በቃ፣ ተረጋገጠ!

ቆይ ግን፣ የተረጋገጠው ምንድን ነው?

የብዙዎቹ ሙከራዎች ችግር አንድ ነው፤ የተቀየረው ቁሱ ብቻ አይደለም። አዲሱ ማኒፎልድ ቱቦዎቹ ያጠሩ ወይም የሰፉ ናቸው፣ የአየር ማጠራቀሚያ ሳጥኑም ሌላ ነው። ሁለት ነገር በአንዴ ቀይሮ ምስጋናውን ለአንዱ መስጠት ደግሞ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ እንኳ ነጥብ ያስቀንሳል።

ቅርጹ ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ሲዘጋ እየሮጠ የመጣው አየር ይገጨዋል፣ የግፊት ሞገድም ይፈጠራል። ሞገዱ በቱቦው ውስጥ በድምፅ ፍጥነት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጫፍ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ቫልቩ በተከፈተበት ሰዓት ከደረሰ ተጨማሪ አየር ይገፋል። ረጅም ቱቦ በዝቅተኛ ዙር፣ አጭር ቱቦ በከፍተኛ ዙር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ክራይስለር በ1960 በ300ኤፍ መኪናው ላይ 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ገጥሞ ነበር። ለከፍተኛ ዙር በተዘጋጁት ጥቂት መኪኖች ላይ ደግሞ የቱቦዎቹን የውስጥ ግድግዳ አሳጥሮ ሞገዱ የሚሄድበትን ርዝመት በግማሽ ቀነሰው። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም አሉሚኒየም ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ሌላ።

እሺ፣ ቁሱ ምንም ለውጥ የለውም ማለት ነው? አይደለም። ሙቀት ላይ ልዩነት አለ፣ እዚህ ላይ ደግሞ ፊዚክስ የሚያዳላው ለተናቀው ፕላስቲክ ነው። ማኒፎልዱ የሚታሰረው ትኩስ ቴስታታ ላይ ነው። አሉሚኒየም ያንን ሙቀት ስቦ ለሚያልፈው አየር ያቀብላል። ማኒፎልድ የሚሠራበት ናይሎን (በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው) ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአሉሚኒየም በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ክብደቱም ለተመሳሳይ መጠን ግማሽ ያህል ነው። አየር ከ30 ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚኖረው መጠን በ3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። (አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለች የአየር ግፊቷ በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ ለሌለው ሞተር ይህ ከማንኛውም የማኒፎልድ ክርክር ይበልጣል።)

እስቲ እናስላው። ባለ 5.7 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር፣ ሲሊንደሮቹ በደንብ ከሞሉ፣ በሴኮንድ 285 ሊትር ገደማ አየር ይስባል። ይህን ሁሉ አየር በ10 ዲግሪ ለማሞቅ ከ3 ኪሎዋት በላይ ያስፈልጋል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አንድ ላይ እንደማለት። ስለዚህ በሙሉ ፍጥነት ላይ አየሩ ብዙ ስለሆነና ቶሎ ስለሚያልፍ ለማሞቅ ይከብዳል። መኪናው ትራፊክ ውስጥ ቆሞ ሲያንኮራፋ ግን የሚገባው አየር ጥቂት ነው፣ ቀስ ብሎም ያልፋል፤ ብረቱም በደንብ ይግላል። እንግዲህ አንዱ ማኒፎልድ ሞተሩ ሳይግል፣ ሌላው ከጋለ በኋላ ከተለካ ቁጥሩ ስለ ማኒፎልዱ ምን ይነግረናል?

“ፕላስቲክ ይሰነጠቃል” የሚለው ክስ ከባድ ነው፣ እውነትም አለበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፎርድ በ4.6 ሊትር ቪ8 ሞተሩ ላይ የገጠመው የናይሎን ማኒፎልድ ስንጥቅ እያበጀ ውሃ አፍስሷል። ነገር ግን የት ጋ ተሰነጠቀ? ትኩሱ የራዲያተር ውሃ በሚያልፍበት የፊት ክፍል ላይ። በኋላ መፍትሔ የሆነውም ያንን መተላለፊያ ብቻ አሉሚኒየም አድርጎ ሌላውን ናይሎን መተው ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1997፣ ጂኤም ለኮርቬት የሠራው ኤልኤስ1 ሞተርም የናይሎን ማኒፎልድ ነበረው፤ በውስጡ ግን አየር እንጂ ውሃ አያልፍም። በ2006 የመጣው ባለ 505 የፈረስ ጉልበት ኤልኤስ7ም ማኒፎልዱ ፕላስቲክ ነበር። የፎርዱ ጥፋት የናይሎን ሳይሆን ውሃውን በናይሎን ውስጥ ያሳለፈው ንድፍ ነው ባይ ነኝ።

ቱርቦ ሲመጣ ግን እኔም ወደ አሉሚኒየም አዘነብላለሁ። የአንድ ባር ተጨማሪ ግፊት በ20 በ30 ሴንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ 600 ኪሎ ግራም እንደ መጫን ነው። የፕላስቲክ ማኒፎልድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ቁርጥራጮቹን በማፋተግ አቅልጦ በማጣበቅ ስለሆነ መገጣጠሚያው ደካማ ጎኑ ነው። ፋብሪካው ለቱርቦ ብሎ ካሰላው ችግር የለም፤ ቢኤምደብሊው ቢ58 ሞተሩን ከነማቀዝቀዣው በፕላስቲክ ማኒፎልድ ነው የሚሠራው። ያለ ቱርቦ የተነደፈን ሞተር ቱርቦ ገጥሞ ግፊቱን በየጊዜው የሚያሳድግ ሰው ግን ሲሰነጠቅ የሚበየድ፣ ሲፈለግ የሚሞረድ ዕቃ ያስፈልገዋል። አሉሚኒየም ገንዘቡን የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው። ቱርቦ ለሌለው የከተማ መኪና ከሆነ ግን ሻጩን መጀመሪያ የምጠይቀው የቱቦዎቹን ርዝመት ነው።