የገመድ አከማመር ብልሃት

ገደል የሚወጡ ስፖርተኞች ገመዳቸውን ከረጢት ውስጥ ሲከቱ ላየ ሰው ግዴለሽነት ይመስለዋል። ጠቅልለው አያስሩትም፤ ከአንዱ ጫፍ ጀምረው በክንድ በክንድ እየሳቡ ይከምሩታል። ብልሃቱ ግን እዚያው ላይ ነው። በክብ የሚጠቀለል ገመድ በየዙሩ ጥምዝ ይገባበታል፤ 60 ሜትር ገመድ ሲዘረጋ ያ ሁሉ ጥምዝ ተጠራቅሞ ይተበተባል። የተከመረው ግን መጨረሻ የገባው መጀመሪያ እየወጣ ያለችግር ይፈታል። ከረጢት የሌለው ደግሞ አንገቱ ላይ ግራና ቀኝ እያመላለሰ ያጥፈዋል፤ አንዱ እጥፋት ያስገባውን ጥምዝ ሌላው ያወጣዋል።

ከሁሉ የማደንቀው የጫፎቹን ነገር ነው። ሁለቱም ከረጢቱ ላይ ካሉት ማሰሪያዎች ጋር ስለሚታሰሩ ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት የሚያስፈልግ ፍለጋ የለም። የታችኛው ቋጠሮ ሌላም ውለታ አለው፤ ገደል የወጣው ሰው ሲወርድ ገመዱ ቢያጥር፣ ጫፉ ከታች ያለው ባልንጀራው ገመዱን ከሚቆጣጠርበት መሣሪያ ሾልኮ ወራጁ እንዳይወድቅ ያግዳል።

ሥራው የጥቂት ደቂቃ ነው። ትርፉ የሚታወቀው አለት ላይ የተንጠለጠለው «ገመድ ልቀቅልኝ!» ብሎ ሲጣራ ነው፤ ያኔ ባልንጀራው ዓይኑን ከእሱ ሳይነቅል ይለቅለታል እንጂ አቀርቅሮ ትብታብ ሲፈታ አይገኝም።