ባዶ እጅና ጀግንነት፦ የገላጋይ ገፀ ባሕርይ አቀራረጽ በሚና ጨዋታ

በአማርኛ «ባዶ እጅ» የሚለው ሐረግ ጉድለትን ይነግረናል። ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ስጦታ የለውም፤ ባዶ እጁን የተመለሰ ነጋዴ አልቀናውም፤ ባዶ እጁን የተገኘ ጎበዝ መከታ የለውም። በከሚሴና በአካባቢው ከአማርኛ ጎን በሚነገረው ኦሮምኛም «ሀርከ ዱዋ» ሲባል ያው ጉድለት ይሰማል። ጃፓኖች ግን ይህንኑ ሐረግ የጥበብ ስም አድርገውታል። «ካራቴ» ቀደም ሲል «የቻይና እጅ» የሚል ፍች በሚሰጥ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በኦኪናዋ የተሰበሰቡ መምህራን «ባዶ እጅ» የሚል ፍች ያለውን አጻጻፍ ተቀበሉ። እንግዲህ ቋንቋው ባዶ እጅን ከማጣት የሚቆጥርበት ደራሲ ወይም ተጫዋች፣ መሣሪያ የማይዝ ጀግና ሲቀርጽ ምን ላይ ያቆመዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው።

ለምርመራው የተመረጠው ልብ ወለድ አይደለም፤ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ የሚና ጨዋታ ነው። «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውና እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ የታተመው ጨዋታ የዚህ ዓይነቱ ቀዳሚ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገፀ ባሕርይ ይቀርጻል፤ የጨዋታው መሪ ዓለሙንና ባላንጣዎቹን ይተርካል፤ አጠራጣሪውን ድርጊት ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይወስነዋል። ገፀ ባሕርዩ በስድስት ቁጥሮች ይለካል፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ግርማ ሞገስ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪን ሊስበው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ደራሲ በልቡ ይዞ የሚሠራውን ምርጫ፣ ማለትም ለገፀ ባሕርዩ ምን እንደ ሰጠውና ምን እንደ ነሳው፣ ጨዋታው በወረቀት ላይ በግልጽ ያስቀምጠዋል።

ያለ መሣሪያ የሚዋጋው የሙያ መደብ ወደ ጨዋታው የገባው እ.ኤ.አ. በ1975 «ብላክሙር» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «መነኩሴ» ይሆናል፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። መነኩሴ ሲባል በእኛ አንባቢ አእምሮ የሚመጣው ቆብ የደፋ፣ ጾምና ስግደት ያደከመው፣ ከዓለም የተለየ ሰው ነው። የጨዋታው መነኩሴ ግን ከኩንግፉ ፊልምና ከሻኦሊን ገዳም ዝና የተወለደ ተፋላሚ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ይህ ትርጉም ከቦታው ሁለት ጊዜ ይርቃል። ስለዚህ ቃሉን ትተን ባሕርዩን እንመርምር።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም የዚህ ገፀ ባሕርይ የመከላከያ ቁጥር የሚገኘው በአሥር ላይ ቅልጥፍናውና ጥበቡ የሚያስገኙት ጭማሪ ሲደመር ነው። ጥሩር ከለበሰ ወይም ጋሻ ካነሳ ይህን ያጣል፤ ጥበቡ ራሱ ጋሻው ነው ማለት ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ «ኪ» የሚባል ውስጣዊ ኃይል ያገኛል፤ ነጥቡም ከደረጃው ጋር እኩል ነው። በአምስተኛ ደረጃ አንድ ነጥብ ከፍሎ የመታውን ሰው ለማፍዘዝ ይሞክራል። አምስቱ ነጥቦች ሲያልቁ አርፎ፣ ተመስጦ ካልመለሳቸው በቀር በኪ የሚሠራው ሁሉ ይቆማል። የዚህን ጀግና እምነት የሚጣልበት መሆን የሚያስገኘው ይህ ልክ ነው፤ ኃይሉ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ይቆጠራል።

ከዚህ አንጻር የራሳችንን ቅርስ ስንመለከት ባዶ እጅ ያለው ጀግና እንግዳ መሆኑን እንረዳለን። ፉከራና ቀረርቶ ጀግናውን ከመሣሪያው ለይተው አያውቁትም፤ የጠመንጃው ዓይነት ሳይቀር የውዳሴው አካል ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ጉዱ ካሣ የጦር ሰዎች አይደሉም፤ የመጀመሪያው በትምህርቱና በድምፁ፣ ሁለተኛው በምላሱ ነው የሚታወቁት። ጦርነትን የሚያወድሱት ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። በወሎ የቃል ተረክ ደግሞ መሣሪያ ሳይዙ ጉልበተኛን የሚያንበረክኩ ሸሆች ሞልተዋል፤ ነገር ግን የሚያሸንፉት በከራማ ነው። ከራማ ከፈጣሪ የሚሰጥ ስለሆነ ነጥብ አይቆጠርለትም፤ ተራኪውም ሆነ አድማጩ «ያልቅ ይሆን?» ብሎ አይሰጋም። እንግዲህ ቃል የሚዋጋለት አለን፣ ጸሎቱ የሚዋጋለትም አለን፤ ገላውን አሠልጥኖ በባዶ እጁ የሚቆም ግን እምብዛም አልተጻፈልንም።

ይሁን እንጂ ኑሯችን ይህን ሰው ያውቀዋል፤ ስሙም ገላጋይ ነው። ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ መሐል የሚገባው፣ አንዱን በደረቱ ገፍቶ የሌላውን ክንድ የሚይዘው፣ ብዙ ጊዜም ለማንም ያልታሰበውን ምት የሚቀበለው እርሱ ነው። ከሽማግሌ ይለያል፤ ሽማግሌ ጠቡ ከበረደ በኋላ ተቀምጦ ይዳኛል፣ ገላጋይ ግን ጠቡ በጋለበት ሰዓት በገላው ይገባል። የከሚሴ ተጫዋች ባዶ እጁን የሚፋለም ጀግና ሊቀርጽ ከፈለገ የሩቅ ምሥራቅ ገዳም መዋስ አያሻውም። ገላጋዩን ጨፋ ሜዳ ላይ በበጋ የግጦሽ ሽሚያ መካከል፣ ወይም ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ በሚገናኙበት በባቲ የሰኞ ገበያ ሊያቆመው ይችላል። የጨዋታው ሕግም ያግዘዋል። በሦስተኛ ደረጃ የተወረወረ ጦር ወይም የተተኮሰ ቀስት በእጁ ይመክታል፤ «የክፍት እጅ መንገድ»ን ከመረጠ ባላንጣውን ገፍቶ ማራቅ ወይም መጣል ይችላል። የባላንጣው የሕይወት ነጥብ በቅርብ ምት ሲያልቅም ከመግደል ይልቅ ራሱን እንዲስት ማድረግ በሕጉ ተፈቅዷል።

ዋጋውን በቁጥር እንየው። ለስድስቱ ባሕርያት የሚደለደሉት መደበኛ ቁጥሮች 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 ናቸው፤ በ2014 እትም ሰው የሆነ ገፀ ባሕርይ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ይጨመርለታል። የተለመደው ምክር 15ን ለቅልጥፍና፣ 14ን ለጥበብ፣ 13ን ለጽናት ሰጥቶ ግርማ ሞገስን ችላ ማለት ነው። ይህ ተፋላሚ ይወልዳል፤ ገላጋይ አይወልድም። ገላጋይ «ተው!» ሲል የሚሰማ ሰው ነውና 13ን ለግርማ ሞገስ፣ 12ን ለጽናት እንስጥ። የመከላከያ ቁጥሩ 15 ሆኖ ይቀራል፤ የመጀመሪያ ደረጃ የሕይወት ነጥቡ ግን ከ10 ወደ 9 ይወርዳል፣ በየደረጃውም አንድ አንድ ይጎድልበታል። የሚሰማ ድምፅ የተገዛው በገላ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ የደራሲ ገለጻ ሊነግረን የሚሞክረውን ይህች አንዲት ጎዶሎ ነጥብ ትነግረናለች።

ጨዋታው የማይመጥንበት ቦታም አለ። በ2014 እትም ይህ ገፀ ባሕርይ የሚነገረውን ቋንቋ ሁሉ መረዳት የሚችለው በአሥራ ሦስተኛ ደረጃ፣ ከብዙ ፍልሚያ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው እትም ደግሞ ይህ ችሎታ ከመደቡ ወጥቷል። በከሚሴ ግን ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ለሌላው የመጨረሻ ሽልማት የሆነውን ከእናቱ ጓዳ ይዞ ይወጣል። ተጫዋቹ ቋንቋን የጀግናው መነሻ ያድርገው፤ ሁለቱን ወገን በየአፉ መለመን የማይችል ገላጋይ ግማሽ ገላጋይ ነውና።

«ገላጋይ ከሆነ ቡጢ ለምን አስፈለገው? ልመናው አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መምታት የማይችል ሰው አለመምታቱ ምርጫ አይባልም። ጀግናው መስበር የሚችለውን ክንድ ይዞ ሲለቀው ግን አንባቢ ውሳኔውን ያያል፤ ገፀ ባሕርይም ከዝርግነት ወጥቶ ሙሉ ሰው የሚሆነው በውሳኔው ነው። በዚያው ልክ ሁልጊዜ የሚሳካለት ገላጋይ መልሶ ዝርግ ይሆናል። የኪ ነጥቡ አልቆ፣ አንዱን ወገን ይዞ ሌላው ሲያመልጠው፣ የራሱ ዘመዶች «ለማን ነህ?» ሲሉት ማየት አለብን።

ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባች የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች በደረሱ ግጭቶች ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙዎች ተፈናቅለዋል። ከዚያ በኋላ የሚጽፍ ወጣት ባለ ጠመንጃውን ጀግና ከቅርሱ ያለ ድካም ያገኘዋል፤ ግጥሙም ዜማውም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ገላጋዩን ግን ራሱ መቅረጽ አለበት። ተማሪዎቻችን በክፍል ውስጥ አንድ ወረቀት ላይ ስድስቱን ቁጥሮች ጽፈው፣ ለገላጋያቸው ምን እንደ ሰጡትና በምን እንደ ከፈሉለት ቢያስረዱ፣ ከዚያም ያንኑ ሰው ወደ አጭር ልብ ወለድ ቢያስገቡት፣ የገፀ ባሕርይ አሳሳል ትምህርታችን የጎደለውን ልምምድ ያገኛል።