«የሚወስነው ማን ነው?» ስለምትል አንዲት የመንግሥት ጥያቄ

በ2008 ዓ.ም. ከጥር እስከ ሰኔ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው፥ ጠያቂዎቹን ወደ 16,650 ቤቶች ልኮ 15,683 ሴቶችንና 12,688 ወንዶችን አነጋገረ። ሥራው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ይባላል፤ በአገራችን የመጀመሪያው የተደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። የሚጠየቀው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ልመረምር ያሰብኩት ላገቡ ሴቶች የሚቀርቡትን ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ነው። ስለ ሕክምናሽ፣ ለቤት ስለሚገዛ ትልቅ ዕቃ፣ ዘመዶችሽን ለመጠየቅ ስለ መሄድ፥ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ማን ነው? መልሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ እኔ፣ ባሌ፣ ሁለታችን በጋራ፣ ሌላ ሰው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ መጽሐፍ እንደሚተች ሰው መጠይቅን ስተች አትሳቅብኝ። መጠይቅም ድርሰት ነው፤ የሚናገረውም የሚሸሽገውም አለው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በጥያቄና መልስ መጽሐፍ ያደግሁ ነኝና፥ መልሱ አስቀድሞ የተጻፈለት ጥያቄ ሰውን ወዴት እንደሚመራው ገና በልጅነቴ ዐውቄአለሁ።

መልካሙን ላስቀድም። ጥያቄው ለሴቲቱ ለራሷ መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የመንግሥት ጸሐፊ ቤታችን ሲመጣ የሚጠየቀው አባቴ ነበር፤ እናቴ ቡና ታቀርባለች እንጂ ስለ ራሷ አንድ ቃል የጠየቃት አልነበረም። ደግሞም በብዙ አገሮች በሚሠራበት በዚህ ጥናት መጠይቅ ላይ፥ ጥያቄዎቹ ሲቀርቡ ባል አጠገብ ሆኖ ይሰማ እንደ ነበረ የሚመዘገብበት ቦታ አለ። ይህን ያሰበ ሰው የሰው ቤት ያውቃል።

ጉድለቱ «በጋራ» በምትለው ቃል ላይ ነው። በመቂና በባቱ ዙሪያ ሽንኩርት የሚያለሙ ሁለት ቤቶችን አስብ። በአንዱ ቤት ባል የውሃ መሳቢያ ሞተር ዋጋ ጨርሶ ይመጣና ማታ ለሚስቱ ይነግራታል፤ እርሷም «እግዜር ያሳካው» ትላለች። በሌላው ቤት ሚስት ሦስት ሌሊት ተከራክራ ግዢውን ለከርሞ ታሳልፈዋለች። ሁለቱም «በጋራ» ቢሉ አልዋሹም፤ በሠንጠረዡ ላይም አንድ ናቸው። በዚያው ዓመት ካገቡት ሴቶች ከመቶ 71ዱ በሦስቱም ጉዳይ ብቻቸውን ወይም ከባላቸው ጋር እንደሚወስኑ ተጻፈ። ቁጥሩን አልክድም፤ ስንቷ የመጀመሪያዪቱን፣ ስንቷ ሁለተኛዪቱን እንደምትመስል ግን አይነግረንም።

ቃሉም አልረዳም። መጠይቁ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ተተርጉሟል። በአማርኛ ውሳኔ ከወሰን ጋር አንድ ሥር ነው፤ በኦሮምኛ ሙርቲ የሚባለውም ከመቁረጥ የመጣ ነው። ሴቲቱ የምትሰማው «ነገሩን የቆረጠው ማን ነው?» ተብሎ ነው። ቀድሞ ያነሣው፣ ያመነታው፣ ያባበለው፣ ዝም ያለው በየትኛው መልስ ይገባል?

ይህን የምለው ከራሴ ቤት ተነሥቼ ነው። በ1987 ዓ.ም. ከአርሲ ነገሌ ወደ አዳማ፥ ያን ጊዜ ናዝሬት እንል ነበር፥ ዝውውር ጠይቄ ደብዳቤው እጄ ከገባ በኋላ ለባለቤቴ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ «የልጆቹ ትምህርት መቼ ነው የሚዘጋው?» አለችኝ። በነገሌ ገበያ ስምንት ዓመት የደከመችበት የቅቤ ንግድ ነበራት፤ ስለ እርሱ የተነጋገርነው አዳማ ገብተን ዕቃ ካወረድን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጠያቂ ቢመጣብኝ ያለ ማመንታት «በጋራ ወሰንን» እል ነበር። እርሷም እንደዚሁ ትል ነበር፤ በእንግዳ ፊት ባሏን አታሳፍርምና።

ስለዚህ ሥልጣን ቢኖረኝ አንዲት ጥያቄ እጨምር ነበር፤ «ነገሩን የሰማሽው ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የምትል። ባለፈው ክረምት ይህችኑ ጥያቄ ለባለቤቴ አቀረብኩላት። «ደብዳቤውን እኮ ኮትህን ሳጥብ ከሳምንት በፊት አግኝቼዋለሁ» አለችኝ። እንግዲህ የእኔም ጥያቄ ገና እርማት ያሻዋል።