የላይኛው ምክር ቤት፤ ስሙና ሥራው

በሥነ ዜጋ ትምህርት «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ መንግሥት ስንት ምክር ቤቶች አሉት?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «ሁለት፤ የታችኛውና የላይኛው» ብሎ ቢመልስ ብዙዎቻችን ሙሉ ነጥብ እንሰጠዋለን። «ሁለት» ማለቱ ትክክል ነው። «የላይኛው» ያለው ግን ምርመራ ያስፈልገዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

በፓርላማ በሚተዳደሩ አገሮች የላይኛው ምክር ቤት ዋና ተግባር በታችኛው የወጣውን ሕግ ዳግመኛ ማየት ነው። የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1911 እና በ1949 በወጡት ሕጎች መሠረት አብዛኛውን ሕግ ለአንድ ዓመት ያህል ማዘግየት እንጂ መሻር አይችልም። በጀርመን ቡንደስራት የክፍላተ ሀገር መንግሥታት እንደ ሕዝባቸው ብዛት እያንዳንዳቸው ከ3 እስከ 6 ድምፅ አላቸው፤ መብታቸውን በቀጥታ የሚነካ ሕግም ያለ ምክር ቤቱ ስምምነት አይጸድቅም። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን ሌላ አካል፣ ማለትም ፍርድ ቤት ነው።

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የመወሰኛው አባላት ከመኳንንቱ መካከል በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያውን አባላት ሕዝብ እንዲመርጥ ቢፈቅድም፣ መወሰኛው ለ6 ዓመት በሚሾሙ ሰዎች እንደተያዘ ቀጠለ። ስለዚህ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ያጸደቀው ረቂቅ፣ ሕዝብ ባልመረጠው ምክር ቤት ሊታገድ ይችል ነበር። ይህ የላይኛው ምክር ቤት ስሙም ሥራውም ነበረው፤ ያልነበረው የሕዝብ ውክልና ነው። ሁለቱም በ1967 ዓ.ም. መስከረም ወር ፈረሱ። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንድ ብሔራዊ ሸንጎ ብቻ አቆመ።

እኛ ባለንበት በገዳሪፍ በኩልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ሱዳን ወደ ነፃነት ስትጓዝ ያቋቋመችው ሴኔት 50 መቀመጫ ሲኖረው 20ዎቹ በሹመት የሚያዙ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1958 በጄኔራል አቡድ መፈንቅለ መንግሥት ፈረሰ። በ2005 ከእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሁለት ተወካዮች የሚቀመጡበት የግዛቶች ምክር ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ እርሱም በ2019 ፈርሷል። ሁለቱንም ያፈረሰው የጦር ኃይል ነው። ሁለተኛ ምክር ቤት መኖሩ ብቻውን ለፓርላማ ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ እንረዳለን።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የፌዴሬሽን ምክር ቤትን አቋቁሟል። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ፣ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተወካይ ይኖረዋል። አንቀጽ 62ን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን ምክር ቤቱ የፌዴራል ሕጎችን ዳግመኛ የማየት ሥልጣን እንዳልተሰጠው ይገነዘባል። የተሰጠው ሥልጣን ሕገ መንግሥቱን መተርጎም፣ በክልሎች መካከል ለሚነሣ አለመግባባት መፍትሔ መፈለግ፣ የጋራ ገቢና የድጎማ ክፍፍልን መወሰን፣ እንዲሁም የፌዴራሉ መንግሥት በክልል ጣልቃ እንዲገባ ማዘዝ ነው። ስለሆነም ከሕግ አውጪነቱ ይልቅ ዳኝነቱ ያመዝናል።

የዚህ አሠራር ደጋፊዎች፣ ሕገ መንግሥቱ የብሔሮችና ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ትርጉሙን መስጠት ያለባቸው ባለቤቶቹ ናቸው ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ፈተናው በ2012 ዓ.ም. መጣ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን በሰጠው ትርጉም የተወካዮች ምክር ቤትን፣ የክልል ምክር ቤቶችንና የራሱንም የሥራ ዘመን አራዘመ። አፈ ጉባኤዋ ከሁለት ቀን በፊት ሥልጣናቸውን ለቀው ነበር። ወረርሽኙ እውነተኛ ነበር፤ ምርጫውም በሰኔ 2013 ዓ.ም. ተካሂዷል። ነገር ግን በራሱ ዕድሜ ላይ ራሱ የፈረደ አካል፣ ውሳኔው መልካም ቢሆን እንኳ፣ ተከራካሪን ሁሉ ማሳመን አይቻለውም። ዳኝነት ደግሞ የሚጸናው የተረታውም ወገን ሲቀበለው ነው።

መፍትሔው ምክር ቤቱን ማፍረስ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ የክልል ምክር ቤቶች አባላቱን ራሳቸው እንዲመርጡ ወይም በሕዝብ እንዲያስመርጡ ይፈቅዳል፤ በሕዝብ ማስመረጡ ቢለመድ ውክልናው ይጠነክራል። ሕገ መንግሥቱን ማሻሻልን ቢጠይቅም፣ ክልሎችን የሚነኩ ረቂቅ ሕጎችን የማየት ሥልጣን ቢሰጠው፣ ትርጉሙ ደግሞ ወደ ነፃ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ ስምና ሥራ ይገናኛሉ።

እስከዚያው ድረስ የመምህሩ ፋንታ ቀላል ነው። ተማሪው «የላይኛው» ብሎ ሲመልስ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው፦ ማን መረጠው? የትኛውን ሕግ ማዘግየት ይችላል? በራሱ ጉዳይ ሲከሰስ ማን ይዳኘዋል? እነዚህን መመለስ የቻለ ተማሪ፣ ነገ ድምፅ ሲሰጥ ለማንና ለምን እንደሚሰጥ ያውቃል።